ኪፓዱ የጮኸባችሁ ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ

አሜሪካ ቤት የገዛ ሰው ግድግዳው ላይ አብሮ የሚረከበው የሌባ አላርም ኪፓድ (ኮድ የሚመታበት የቁጥር ሰሌዳ) አለ፣ ብዙ ጊዜ የሃኒዌል ቪስታ የሚባለው ነው፣ እኔም የማወራው ስለሱ ነው፣ የእናንተ ሌላ ዓይነት ከሆነ ቁጥሮቹ ሊለዩ ይችላሉ። ከታች በጥቅስ ያስቀመጥኳቸው ሰው በስህተት የሚያምናቸው ነገሮች ናቸው።

«ሁሉም ማብሪያ ያው ነው፣ ሰው ቤት ካለ ደግሞ አላርም አይበራም»

እኔም እንደዛ ነበር የማስበው፣ እማዬ ከአዲስ አበባ መጥታ እስክትጠይቀኝ ድረስ። ጠዋት ለሥራ እየተጣደፍኩ እጄ እንደለመደው ኮድና 2 መትቼ ወጣሁ። 2 አዌይ ነው፣ ቤቱ ባዶ ሲሆን የሚመታ ማለት፣ ቤት ውስጥ የሚንቀሳቀስ ነገር የሚያየውንም ሴንሰር ያበራዋል። እማዬ ቡና ልታፈላ ተነስታ ኮሪደሩ ጋ ስትደርስ ሳይረኑ ለቀቀባት፣ ያገኘችውን ቁጥር ሁሉ ብትጫን አልሰማ ሲላት ነጠላዋን ደርባ መንገድ ላይ ወጣች። መምታት የነበረብኝ ኮድና 3 ነው፣ ስቴይ፣ ሰው ቤት ሲኖር የሚመታ ማለት፣ በርና መስኮቱ ይጠበቃል ውስጥ ግን እንደልብ መሄድ ይቻላል (በሩን ከፍታ ብትወጣ ግን ያው ይጮሃል፣ መጀመሪያ ኮድና 1 መትታ ማጥፋት አለባት)። ደግሞ ኮድ ሳልሰጣት መሄዴ የባሰው ጥፋት ነው፣ ዋናው ኮድ፣ 8፣ ባለ ሁለት አሃዝ የተጠቃሚ ቁጥር፣ ከዛ አዲሱን ኮድ ብትመቱ እንግዳችሁ የራሱ ይኖረዋል።

«ድምፁን ካጠፋሁ አለቀ»

አላለቀም። ኮድና 1 ሳይረኑን ዝም ያሰኘዋል፣ የትኛው በር ወይ መስኮት እንዳስጮኸው ግን ኪፓዱ ላይ እንደተጻፈ ይቆያል፣ እሱን ለማጥፋት ኮድና 1 እንደገና። ሲግናሉ ቀድሞ አላርሙን ወደሚከታተለው ኩባንያ ሄዶ ከሆነ ደግሞ ኩባንያው ይደውላል፣ የሚጠይቃችሁ የኪፓዱን ኮድ ሳይሆን ስትመዘገቡ የሰጣችሁትን የቃል ፓስወርድ ነው፣ ካላነሳችሁ ፖሊስ ሊልኩ ይችላሉ። እኛ ሞንትጎመሪ ካውንቲ ሜሪላንድ አላርም ማስመዝገብ ግዴታ ነው፣ በከንቱ እየደጋገመ ከጮኸ ቅጣት አለው። አንድ ነገር ግን በጣም ልብ በሉ፣ ቤት ስትገቡ ኪፓዱ ከወትሮው በጣም ፈጥኖ ቲጥ ቲጥ ካለ እናንተ በሌላችሁበት ጮኾ ነበር ማለት ነው፣ ሌባው ገና ውስጥ ሊሆን ስለሚችል አትግቡ፣ ወጥታችሁ ፖሊስ ጥሩ።

«ኮዱን ከኋላ ወደፊት ብትመታ ፖሊስ ይመጣል»

ይሄ ኤቲኤም ላይ ፒኑን ገልብጠህ ብትመታ ፖሊስ ይመጣል የሚባለው ወሬ ዘመድ ነው። ገልብጣችሁ ብትመቱት የተሳሳተ ኮድ ነው፣ በቃ። ተገዳችሁ ስታጠፉ በድብቅ ምልክት የሚልክ ኮድ እውነት አለ፣ ግን ቀድሞ ፕሮግራም መደረግ አለበት፣ የሚከታተል ኩባንያ ከሌላችሁ ደግሞ ማንም ጋ አይደርስም።

«እየቆየ ቲጥ ካለ ተበላሽቷልና ከሶኬት ንቀለው»

እባካችሁ አትንቀሉት! ስክሪኑ ላይ ሎ ባት የሚል ካለ ባትሪ ደክሟል ማለት ነው፣ አጠገቡ የዞን ቁጥር (ለእያንዳንዱ በር ወይ መስኮት የተሰጠው ቁጥር) ካለ የዛ በር ወይ መስኮት ሴንሰር ባትሪ ነው፣ ከሌለ ቤዝመንት ወይም ክሎዜት ውስጥ ያለው የአላርሙ ሳጥን ባለ 12 ቮልት ባትሪ ነው፣ እሱ ከ3 እስከ 5 ዓመት ገደማ ነው የሚቆየው። ከሶኬት ስትነቅሉት ያንኑ የደከመ ባትሪ ነው የምታስጨርሱት፣ መብራት የለም ብሎም ሌላ ጩኸት ይጀምራል።

«አንዴ ባይፓስ ካደረግኩት መስኮቱ ለሁልጊዜ ተዘለለ»

ባይፓስ ማለት አላርሙ ያንን መስኮት እንዳይጠብቅ መዝለል ነው፣ ኮድ፣ 6፣ የዞኑ ቁጥር፣ ያ ለዛች ሌሊት ብቻ ነው። ጠዋት አላርሙን ስታጠፉ ባይፓሱም አብሮ ይነሳል፣ ማታ መስኮቱ ክፍት ከሆነ እንደገና መምታት ነው። የትኛው እንደተከፈተ ለማየት ኪፓዱ ላይ ያለችውን ኮከቧን (*) ተጫኑ።

እማዬ አሁን የራሷ ኮድ አላት፣ ማታ በሩን ሁለቴ ሞክራ ኮድና 3 ትመታለች፣ ጠዋት ደግሞ መጀመሪያ ኮድና 1፣ ከዛ ቡና።