ስኳድሮን ምንድን ነው? የ617ኛው ቦምብ ጣይ ስኳድሮን ሰዎች

ስኳድሮን የአየር ኃይል መሠረታዊ የውጊያ ክፍል ነው። የራሱ ቁጥር፣ የራሱ አዛዥ፣ የራሱ አውሮፕላኖችና የራሱ ሰዎች አሉት። በእኛም አገር አየር ኃይል ቃሉ እንዳለ ስኳድሮን ይባላል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት አንድ የእንግሊዝ ከባድ ቦምብ ጣይ ስኳድሮን አብዛኛውን ጊዜ 20 ገደማ አውሮፕላኖች ነበሩት።

ወረቀት ላይ ያለው ትርጉም ይሄ ነው። እኔ ግን ስኳድሮንን በአውሮፕላን ብዛት መለካት ዋናውን ነገር ያስረሳል ባይ ነኝ። ቦምብ ጣይ ስኳድሮን የሚቆጠረው በሰባት በሰባት ሰው ነው። አብረው የሚነሱ፣ አብረው የሚመለሱ ወይም አብረው የሚቀሩ ሰባት ሰዎች። ለዚህ ከ617ኛው ስኳድሮን የተሻለ ምሳሌ አላውቅም።

በመጀመሪያ ሰባቱን እንያቸው። ላንካስተር የሚባለው ባለ አራት ሞተር አውሮፕላን ሲነሳ አብራሪው፣ የበረራ መሐንዲሱ፣ መንገድ የሚመራው ናቪጌተር፣ ቦምቡን የሚያነጣጥረው፣ የሬዲዮ ሠራተኛው እና ሁለት መትረየስ ተኳሾች ይሳፈሩበታል። ከተኳሾቹ አንዱ ከላይ በጀርባው በኩል፣ ሌላው ጭራው ላይ ይቀመጣል።

የጭራው ተኳሽ ነገር ሁሌም ያሳዝነኛል። ፊቱን ወደኋላ አዙሮ፣ ጠባብ የመስታወት ክፍል ውስጥ ታጥፎ ለሰዓታት ብቻውን ይቀመጣል። ከጓደኞቹ ጋር የሚያገናኘው የጆሮ ማዳመጫው ብቻ ነው። በኤሌክትሪክ የሚሞቅ ልብስ ቢለብስም ብርዱ አጥንት ይሰብራል። እንዲያም ሆኖ ብዙዎቹ በጨለማ የጠላት አውሮፕላን ጥርት ብሎ እንዲታያቸው ከፊታቸው ያለውን መስታወት ያስነቅሉት ነበር። ነፋሱ በቀጥታ ፊታቸው ላይ ይመጣል ማለት ነው። ፓራሹቱ ደግሞ ለቦታ ጥበት ሲባል የሚሰቀለው ከክፍሉ ውጪ ነው። አውሮፕላኑ በእሳት ቢያያዝ መጀመሪያ በሩን ከፍቶ፣ ፓራሹቱን አውርዶ፣ ደረቱ ላይ ማሰር ይጠበቅበታል።

እነዚህ ሰባት ሰዎች እንዴት ይገናኛሉ? አለቃ መድቧቸው ይመስላችሁ ይሆናል። አይደለም። ሥልጠናቸውን ሊጨርሱ ሲሉ አብራሪዎች፣ ናቪጌተሮች፣ አነጣጣሪዎች፣ የሬዲዮ ሠራተኞችና ተኳሾች አንድ ትልቅ አዳራሽ ውስጥ ይገቡና «እናንተው ተመራረጡ» ይባላሉ። አንዱ ወደማያውቀው ሰው ጠጋ ብሎ ሰው አግኝተህ እንደሆን ይለዋል። በሰላምታ፣ በፊት ገጽታ፣ በአገር ልጅነት ይጣመራሉ። የበረራ መሐንዲሱ ቆየት ብሎ ይቀላቀላቸዋል። የእያንዳንዳቸው ሕይወት የሌላው እጅ ላይ የሚወድቀው ከዚያች ቀን ጀምሮ ነው።

አንድ ቡድን 30 የውጊያ በረራ ሲጨርስ እረፍት ይሰጠው ነበር። ይህ ዙር «ቱር» ይባላል። 30 ትንሽ ቁጥር ትመስላለች። ነገር ግን በእንግሊዝ የቦምብ ጣይ ዕዝ ሥር ከበረሩት 125,000 ገደማ ሰዎች 55,573ቱ ሞተዋል። ከአሥሩ ከአራት በላይ መሆኑ ነው። አብዛኞቹ በሃያዎቹ መጀመሪያ ላይ የነበሩ ወጣቶች ናቸው። ከእንግሊዝ ብቻ አልመጡም፤ ከካናዳ፣ ከአውስትራሊያ፣ ከካሪቢያን ደሴቶች፣ ከአፍሪካም ነበሩ። የሴራሊዮኑ ጆኒ ስማይዝ ናቪጌተር ነበር። በኅዳር 1943 (እ.ኤ.አ.) አውሮፕላኑ ጀርመን ላይ ተመትቶ ተማረከ። ከጦርነቱ በኋላ ሕግ ተምሮ የአገሩ ዋና ዓቃቤ ሕግ ለመሆን በቅቷል።

ወደ 617ኛው እንመለስ። የተመሠረተው በመጋቢት 1943 በእንግሊዝ ሊንከንሻየር፣ ስካምፕተን ሰፈር ነው። አዛዡ ጋይ ጊብሰን ገና 24 ዓመቱ ነበር። ሁሉም የተመረጡ አንጋፋዎች ነበሩ ሲባል ይሰማል፤ ትክክል አይደለም። ጥቂት በረራ ብቻ ያደረጉም ነበሩባቸው። ለሳምንታት በጨረቃ ብርሃን ዝቅ ብለው በውኃ ላይ መብረር ሲለማመዱ ለምን እንደሆነ አብዛኞቹ አያውቁም። ዒላማቸውን የሰሙት በዕለቱ ነው። በጀርመን የኢንዱስትሪ ማዕከል በሩር አካባቢ ያሉት ትላልቅ ግድቦች ነበሩ።

ባርነስ ዋሊስ የተባለው መሐንዲስ የሠራው ቦምብ ከአራት ቶን በላይ ይመዝናል። በደቂቃ 500 ጊዜ ወደኋላ እየተሽከረከረ ይጣላል፤ በውኃው ላይ እየነጠረ ሄዶ ግድቡን ይመታና ተጠግቶ ከሰመጠ በኋላ ይፈነዳል። ይህ እንዲሆን አውሮፕላኑ በሌሊት፣ ከውኃው 18 ሜትር ብቻ ከፍ ብሎ መብረር ነበረበት። የተለመደው የከፍታ መለኪያ ለዚህ አይሆንም። መፍትሔው ቀላል ነበር፦ ከአውሮፕላኑ ሆድ ሥር ሁለት መብራቶች ተገጠሙ፤ ሁለቱ ብርሃኖች ውኃው ላይ ሲገናኙ ከፍታው ልክ ነው። ቦምቡ የሚለቀቅበትን ርቀት ለመገመት ደግሞ ሁለት ምስማር የተመታበት የእንጨት ማነጣጠሪያ ተሠራ። ምስማሮቹ ከግድቡ ሁለት ማማዎች ጋር ሲገጥሙ ይለቀቃል። ችግሩ፣ ያ መብራት ለጠላት መድፈኞችም ጥሩ አድርጎ ይታያቸዋል።

ግንቦት 16 ቀን 1943 ማታ 19 ላንካስተሮች ተነሡ። በሰባት አባዙት፣ 133 ሰው። የሙነና የኤደር ግድቦች ተደረመሱ። የዞርፐ ግድብ ተጎዳ እንጂ አልፈረሰም። ስምንት አውሮፕላኖች አልተመለሱም። ያ 56 ሰው ነው፤ 53ቱ ሞቱ፣ ሦስቱ ተማረኩ። ዋሊስ ቦምቡ መሥራቱን ሲሰማ ቢደሰትም፣ የሟቾቹ ብዛት ሲነገረው ክፉኛ ማዘኑ ይታወቃል።

ከግድቦቹ በታች ስለነበሩት ሰዎችም መነገር አለበት። ጎርፉ ከ1,300 በላይ ሰዎችን ገደለ። ከእነዚህ ውስጥ ብዙ መቶዎቹ ናዚዎች ከዩክሬንና ከሌሎች የምሥራቅ አገሮች አምጥተው ኔሃይም ከተማ አጠገብ በካምፕ ያጎሯቸው፣ በግዳጅ የሚያሠሯቸው ሴቶች ነበሩ። ይህን ትቶ የአብራሪዎቹን ጀግንነት ብቻ የሚያወራ ታሪክ ለእኔ ግማሽ ነው። የሙነ ግድብ በዚያው ዓመት መኸር ላይ ተጠግኖ ነበር። ቢሆንም ለዚህ ጥገና በሺዎች የሚቆጠሩ ሠራተኞች ከሌላ ሥራ መነሣት ነበረባቸው።

ብዙ ጊዜ የ617ኛው ታሪክ በዚያች ሌሊት ይዘጋል። ለእኔ ግን ከአራት ወር በኋላ የሆነው ይበልጣል። በመስከረም አጋማሽ 1943 ስምንት ላንካስተሮች የዶርትሙንድ-ኤምስን የውኃ መተላለፊያ ቦይ ሊመቱ ሄዱ። ጭጋግ ነበር። አምስቱ ቀሩ። ጊብሰንን የተካው አዲሱ አዛዥ ሲሞት፣ በግድቡ ሌሊት ከጊብሰን ጋር የበረሩ አራት ሰዎችም አብረውት ሞቱ። ጊብሰን ራሱ በቀጣዩ ዓመት መስከረም ሆላንድ ውስጥ ተከስክሶ በ26 ዓመቱ አረፈ።

ከአምስቱ አንዱን ያበር የነበረው የ22 ዓመቱ አውስትራሊያዊ ሌስ ናይት ነው። የኤደርን ግድብ ያፈረሰው ቦምብ የተጣለው ከእሱ አውሮፕላን ነበር። በጭጋጉ ውስጥ ዛፍ መታና በአንድ ወገን ያሉት ሁለቱም ሞተሮች ተበላሹ። እንዲህ ያለ አውሮፕላን መሪው ከተለቀቀ ወዲያው ይገለበጣል። ስለዚህ አንድ ሰው መቅረት አለበት። ናይት ጓደኞቹን ዝለሉ አላቸውና መሪውን ይዞ ቆየ። የዘለሉት ሁሉም ተረፉ። እሱ ደን ሃም ከምትባል የሆላንድ መንደር አጠገብ ተከስክሶ ሞተ። መቃብሩም እዚያው ነው።

እንዲህ ያለው ትስስር በትንንሽ ነገርም ይታያል። ጆኒ ጆንሰን በአሜሪካዊው አብራሪ በጆ ማካርቲ ቡድን ውስጥ ቦምብ አነጣጣሪ ነበር። ሠርጉ ሚያዝያ 3 ቀን 1943 ተቆርጧል፤ አዲሱ ስኳድሮን ግን ፈቃድ የለም አለ። ማካርቲ ቡድኑን ሰብስቦ ጊብሰን ቢሮ ገባና ተከራክሮ ፈቃዱን አስገኘ። በግድቡ ሌሊት ደግሞ ይኸው ቡድን ዞርፐ ላይ ዘጠኝ ጊዜ ተመላልሶ አልመች ሲለው በአሥረኛው ቦምቡን ጣለ። በኋላም የጆንሰን ሚስት ስታረግዝ፣ በቃህ፣ ከበረራ ውጣ ያለው ማካርቲ ነው። ጆንሰን ከ133ቱ የመጨረሻው ሆኖ በታኅሣሥ 2022 በ101 ዓመቱ አረፈ።

ስኳድሮኑ በ1944 ሊዮናርድ ቼሻየር በሚባል አዛዥ ሥር ነጥሎ መምታት የሚችል ልዩ ክፍል ሆነ። ከአምስት ቶን በላይ በሚመዝን ቦምብ የፈረንሳዩን የሶሙር የባቡር ዋሻ መታ። በኅዳር 1944 ከ9ኛው ስኳድሮን ጋር ሆኖ ቲርፒትዝ የተባለውን ግዙፍ የጀርመን የጦር መርከብ ኖርዌይ ትሮምሶ አጠገብ ገለበጠ።

617ኛው ዛሬም በሥራ ላይ ነው። ማርሃም በሚባለው የእንግሊዝ አየር ሰፈር ሆኖ ኤፍ-35 ያበራል። ይህ አውሮፕላን አንድ መቀመጫ ብቻ ነው ያለው።