የኬንያ ዜግነት ምንድን ነው? እንዴትስ ተፈጠረ?

እ.ኤ.አ. እስከ 1963 ድረስ በሕግ የታወቀ ኬንያዊ ዜጋ አልነበረም። በቅኝ ግዛቱ የተወለደ ሰው የብሪታንያ ተገዢ ነው። ይሄ ወረቀት ላይ ነው። በኑሮ ግን አፍሪካዊው ወንድ አሻራውና የሥራ ታሪኩ የሰፈረበትን ኪፓንዴ የሚባል መታወቂያ፣ በብረት ዕቃ ከቶ አንገቱ ላይ ያንጠለጥል ነበር። ነጩ ሰፋሪ ይህ ግዴታ አልነበረበትም።

ዲሴምበር 12 ቀን 1963 ነጻነት መጣ። ሕገ መንግሥቱ ኬንያ ተወልዶ፣ ከወላጆቹም ቢያንስ አንዱ እዚያው የተወለደለትን ሰው ያለ ማመልከቻ ዜጋ አደረገው። ለሌላው ነዋሪ ደግሞ አመልክቶ እንዲመዘገብ ሁለት ዓመት ተሰጠው። ሲሰሙት ሚዛናዊ ይመስላል። ግን ቅኝ ገዢው ራሱ ከሌላ አገር ያመጣቸው ሰዎችስ?

ከሕንድ ክፍለ አህጉር ከመጡት ብዙዎቹ ሳይመዘገቡ ቀሩ፤ የብሪታንያ ፓስፖርታቸውን ይዘው ቆዩ። በ1967 ኬንያ ዜጋ ያልሆነ ሁሉ የሥራ ፈቃድ እንዲያወጣ አዘዘች። ሰዎቹ ወደ ብሪታንያ መሄድ ሲያበዙ፣ የለንደን ፓርላማ በ1968 በጥድፊያ ሕግ አውጥቶ መግቢያውን አጠበበባቸው። ፓስፖርቱን የሰጠው እኮ የራሱ መንግሥት ነው! ከታሪኩ ሁሉ እኔን የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው።

ኑቢያኖቹም አሉ። አያቶቻቸው ከሱዳን ተመልምለው ለብሪታንያ ጦር የተዋጉ ናቸው፤ የሰፈሩትም ናይሮቢ፣ ኪቤራ ነው። ልጆቻቸው ግን 18 ዓመት ሞልቷቸው መታወቂያ ሲጠይቁ፣ ሌላው ወጣት የማይጠየቀውን ማጣሪያ ማለፍ ነበረባቸው። መታወቂያ የሌለው ሰው ደግሞ አይመርጥም፣ የባንክ ሒሳብ አይከፍትም፣ ደህና ሥራ አያገኝም። በ2011 የአፍሪካ ኅብረት የሕፃናት መብት ኮሚቴ ኬንያ የኑቢያን ልጆችን መብት ጥሳለች ብሎ ወሰነ።

የ2010ሩ ሕገ መንግሥት ብዙ ነገር ለውጧል። እናትም እንደ አባት ዜግነቷን ለልጇ ታወርሳለች፤ ጥምር ዜግነትም ተፈቅዷል። ሕጉ መጻፉ ብቻውን ግን ለሁሉም አልደረሰም። ቅድመ አያቶቻቸው ከሞዛምቢክ መጥተው በቃጫና በሸንኮራ እርሻዎች የሠሩት ማኮንዴዎች፣ በ2016 ከደቡባዊው የባሕር ዳርቻ ከክዋሌ ተነስተው ጥያቄያቸውን ይዘው ናይሮቢ ድረስ ዘመቱ። ፕሬዚዳንት ኡሁሩ ኬንያታ መታወቂያ እንዲሰጣቸው ያዘዙት ከዚያ በኋላ ነው።