«እየጸለይኩበት ነው»

እንኳን ለብርሃነ ጥምቀቱና ለቃና ዘገሊላ በሰላም አደረሳችሁ። ትንሽ ዘግይቻለሁ።

ጥር 12 የቅዱስ ሚካኤልን ታቦት ሸኝተን ስንመለስ፣ አንዲት የሰንበት ትምህርት ቤታችን ልጅ ከመዘምራኑ ወደ ኋላ ቀርታ ጠበቀችኝ። በነጠላዋ ጫፍ አፏን ሸፍና ነው የምታወራው።

«መምህር፣ ሰው ማታ ማታ ናፈቅሽኝ እያለ ቀን ላይ እንዳላየ ሲያልፍ ምን ማለት ነው?»

ይህ ሰው በጥምቀት ዕለት አጠገቧ የቆሙትን ሦስት ልጆች ጨብጦ እሷን ዘለላት። ማታ አምስት ሰዓት ላይ ደግሞ በቴሌግራም «ነጭ ሲያምርብሽ» አላት። ሁለት ዓመት እንዲህ ነው። «ቁርጡን ንገረኝ» ስትለው መልሱ አንድ ነው፦ «እየጸለይኩበት ነው»።

ይህች ቃል አናደደችኝ። ወንድሜ፣ የሰው ልብ ይዘህ የምትደበቅበት መጋረጃ አድርገህ ጸሎትን አታቁመው! የአብርሃም ሎሌ ለይስሐቅ ሚስት ሊፈልግ ሄዶ ውኃው ጉድጓድ ዳር ጸለየ። ጸሎቱን ሳይጨርስ ርብቃ መጣች። ቤቷ ገብቶ ምግብ ሲቀርብለት «ነገሬን እስክናገር ድረስ አልበላም» አለ። ቀጥሎም ቤተሰቡን «ንገሩኝ፤ ይህም ባይሆን ንገሩኝ» አላቸው። ወደ ቀኝ ወይም ወደ ግራ ለመሄድ ነው። የጸለየ ሰው እንዲህ ነው የሚያወራው። ከወደድካት ሽማግሌ ላክ። ካልሆነም ንገራትና ልቀቃት። (እህቶችም ታደርጉታላችሁ፤ አውቃለሁ። ለዛሬ እሱ ይበቃኛል።)

ለእሷ ግን ቁጣ አይጠቅማትም። ስለ ያዕቆብ ሚስት ስለ ልያ ነው የነገርኳት።

ልያን ሁላችንም በዓይኗ ነው የምናስታውሳት። እኔን የሚያሳዝነኝ ግን ለልጆቿ ያወጣችው ስም ነው። ሮቤልን ወልዳ «አሁን ባሌ ይወድደኛል» አለች። ስምዖን ሲወለድ እንደ ተጠላች እግዚአብሔር መስማቱን ተናገረች። በሌዊ ደግሞ «አሁን ባሌ ወደ እኔ ይጠጋል» አለች። አያችሁ? ያዕቆብ ድንኳኗ ይገባል፣ ልጅ ይወልዳል፣ ልቡ ግን እህቷ ራሔል ጋ ነው። በመጣ ቁጥር «ዛሬስ ወደደኝ» ትላለች። ሲሄድ መልሳ ትቆጥራለች። እንደዚያች ልጅ የቴሌግራም መልእክት። ያዕቆብም በአባቷ በላባ ተታሎ ነው ያገባት፤ ሁሉን ጥፋት እሱ ላይ አልጭንም። እሷን ግን ማን አያት? መጽሐፉ የተጠላች መሆኗን እግዚአብሔር አየ ይላል። ባሏ ያላየውን እሱ አየ።

አራተኛውን ስትወልድ ስለ ባሏ አንድ ቃል አልተነፈሰችም። «በዚህ ጊዜ እግዚአብሔርን አመሰግናለሁ» ብላ ይሁዳ አለችው። መድኃኒታችን በሥጋ የተወለደው ከዚህ ነገድ ነው። የአሮን ክህነትም ከሌዊ፣ ከዚያው «ይጠጋኛል» ካለችበት ልጅ ነው።

ብዙ ስብከት እዚህ ላይ ያበቃል። ዘፍጥረት ግን ይቀጥላል። ልያ ስድስተኛውን፣ ዛብሎንን ስትወልድ፣ እንደገና «አሁን ባሌ ከእኔ ጋር ይኖራል» አለች። ከዚያ ሁሉ ምስጋና በኋላ! ይህን ስነግራት ልጅቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች። «እሷም ተመልሳለች?» አለችኝ። አዎ፣ ተመልሳለች። እግዚአብሔርም «ይሁዳ ላይ ጨርሰሽ አልነበር?» አላላትም። ዛብሎንንም ሰጣት። ስለዚህ ትላንት «በቃኝ» ብለሽ ዛሬ ስልክሽን ደጋግመሽ ብታዪ እምነትሽ ጠፍቶ አይደለም። ተነሺና እንደገና አመስግኚ። ለንስሐ አባትሽም ሳታፍሪ ንገሪያቸው።

ያን ዕለት ማታ የሎሌውን ቃል ጽፋ ላከችለት፦ «ንገረኝ፤ ይህም ባይሆን ንገረኝ»።

አይቶታል። እስከ ትላንት አልመለሰም። እሷ ግን እሁድ ቅዳሴ ላይ ስልኳን ቤት ትታ ነው የመጣችው።