ፎቶግራፍን ለቪዲዮ ኤዲቲንግ ማዘጋጀት በደሴና በኮምቦልቻ

ፎቶግራፍን ለቪዲዮ ኤዲቲንግ ማዘጋጀት ማለት የፎቶውን መጠን፣ ቅርጽ፣ ቀለምና የፋይል ዓይነት ወደ ኤዲቲንግ ሶፍትዌር ከመግባቱ በፊት ከሚሠራው ቪዲዮ ጋር ማስማማት ነው። በደሴና ከእርሷ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ በምትርቀው ኮምቦልቻ ይህ ሥራ በአብዛኛው በፎቶ ቤቶችና በሰርግ ቪዲዮ አዘጋጆች እጅ ነው። የሙሽሮች የልጅነት ፎቶ፣ የምረቃ ምስልና ለሙት ዓመት መታሰቢያ የሚቀናበር አጭር ቪዲዮ ዋነኞቹ አጋጣሚዎች ናቸው።

መነሻው የፒክስል፣ ማለትም ምስሉን የሚሠሩት ጥቃቅን ነጥቦች፣ ቁጥር ነው። ፉል ኤችዲ የሚባለው ቪዲዮ ወርዱ 1920፣ ቁመቱ 1080 ፒክስል ሲሆን ፎርኬ ደግሞ 3840 በ2160 ነው፤ ሁለቱም የ16 ለ9 ቅርጽ አላቸው። ፎቶግራፎች ግን ከዚህ ቅርጽ ጋር እምብዛም አይገጥሙም። ባለ 24 ሜጋፒክስል (24 ሚሊዮን ፒክስል) ካሜራ ብዙውን ጊዜ 6000 በ4000፣ ባለ 12 ሜጋፒክስል ስልክ ደግሞ 4000 በ3000 ፒክስል ያነሣል። የካሜራው ፎቶ ወርዱ 1920 እንዲሞላ ሲደረግ ቁመቱ 1280 ስለሚሆን 200 ፒክስል ከፍሬሙ (ከቪዲዮው የምስል ክፈፍ) ውጭ ይቀራል፤ የስልኩ ፎቶ ግን የቁመቱን ሩብ ያጣል። ሽማግሌዎች ወንበር ላይ ተቀምጠው፣ ልጆች ከፊት ተንበርክከው፣ የቀሩት ከኋላ ቆመው በተነሡት የቤተሰብ ፎቶ ላይ ሶፍትዌሩ ከላይና ከታች እኩል ሲቆርጥ የቋሚዎቹ ራስ ይጎመዳል። ስለዚህ ቆረጣውን ለሶፍትዌሩ ሳይተዉ፣ ከላይ ጥቂት ከታች ብዙ አድርጎ አስቀድሞ በፎቶሾፕ ወይም በመሰል መሣሪያ መወሰን ይገባል። በቁመት የተነሣ ፎቶ ግን ፍሬሙን እንዲሞላ ከተገደደ ከግማሽ በላይ ስለሚጠፋ ሙሉውን አስገብቶ ግራና ቀኙን መሙላት ይሻላል። የዚያኑ ፎቶ ቅጂ አደብዝዞ ከጀርባ መዘርጋት የተለመደ ቢሆንም ከልክ በላይ ተዘውትሯል፤ በተለይ ለመታሰቢያ ቪዲዮ ጠቆር ያለ ባዶ መደብ ፊቱን ይበልጥ ያጎላል።

ፎቶው ላይ ዙም የሚደረግ ከሆነ ከፍሬሙ የበለጠ ፒክስል ያስፈልጋል። በፉል ኤችዲ እስከ አንድ ተኩል እጥፍ ለመቅረብ 2880 በ1620፣ እስከ እጥፍ ለመቅረብ ደግሞ 3840 በ2160 ፒክስል ይበቃል። ከዚያ የሚተርፈው ኮምፒውተሩን ያደክማል፤ በዲስክ ላይ ጥቂት ሜጋባይት የሚመስለው ባለ 24 ሜጋፒክስል ፎቶ ሲከፈት በሜሞሪ ውስጥ ወደ 100 ሜጋባይት ይጠጋል፤ እንዲህ ያሉ ብዙ ፎቶዎች የሚደረደሩበት የሰርግ ቪዲዮም ደካማ ላፕቶፕን ያቆማል። በአዶቢ ፕሪሚየር ውስጥ «ስኬል ቱ ፍሬም ሳይዝ» የሚለው ትእዛዝ ፎቶውን በፍሬሙ የፒክስል ልክ አሳንሶ ስለሚይዘው፣ በኋላ ዙም ሲደረግ የተዘጋጀው ትርፍ ፒክስል ሁሉ ከንቱ ሆኖ ምስሉ ይደበዝዛል።

ከኅትመት ሥራ የተወረሰው «300 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 300 ነጥብ) ይሁን» የሚለው ልማድ በቪዲዮ ትርጉም የለውም፤ ሶፍትዌሩ የሚያየው የፒክስል ቁጥርን ብቻ ነው። ዲፒአይ ዋጋ የሚኖረው የታተመ ፎቶ ስካን ሲደረግ ነው። 10 በ15 ሳንቲ ሜትር ፎቶ በ300 ዲፒአይ ሲነበብ ረጅም ጎኑ 1800 ፒክስል ያህል ስለሚሆን ፉል ኤችዲን እንኳ አይሞላም፤ በ600 ግን ወደ 3600 ይጠጋል። 3 በ4 ሳንቲ ሜትር የሆነ ጉርድ ፎቶ ቢያንስ 1200 ዲፒአይ ይፈልጋል፤ ለብዙ ሟቾች ከጉርድ ፎቶ በቀር የተረፈ ምስል ስለማይኖር ይህ ስሌት ከሚገመተው በላይ ያገለግላል። ከጋዜጣ ወይም ከመጽሐፍ የሚወሰዱ ምስሎች፣ ለምሳሌ ደሴ በ1928 ዓ.ም. በጣሊያን አውሮፕላኖች መደብደቧን ለሚተርክ ዘጋቢ ፊልም የሚፈለጉት፣ የኅትመት ነጠብጣባቸው በስክሪን ላይ ሞገድ እንዳይፈጥር ስካን ከተደረጉ በኋላ በጥቂቱ መለስለስ አለባቸው።

አልበሙ ላይ ተጣብቆ የማይላቀቅ ፎቶ በስልክ ወይም በካሜራ ይነሣል። እዚህ ላይ የቦታው አየር ያግዛል ወይም ያስቸግራል፤ ከጦሳ ተራራ ሥር ያለችው ደሴ ጉም ሲወርድባት በመስኮት የሚገባው ብርሃን ለስላሳና እኩል ስለሚሆን በፎቶው ላይ ነጸብራቅ አይጥልም፤ ዝቅ ብላ በምትገኘው ሞቃታማዋ ኮምቦልቻ ግን ከቀጥተኛ ፀሐይ ሸሽቶ በጥላ መሥራት ያሻል። ካሜራው ከፎቶው ትይዩ ካልሆነ አራት ማዕዘኑ ይዛባል።

ከደንበኛ በቴሌግራም የሚመጣ ፎቶ በተለመደው መንገድ ከተላከ ተጨምቆ ስለሚያንስ በፋይል መልክ እንዲላክ መጠየቅ ያስፈልጋል። አይፎን ከ2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚጠቀምበትን ሄይክ የተባለ የፋይል ዓይነት የማይከፍቱ ሶፍትዌሮች ስላሉ ወደ ጄፔግ ይቀየራል፤ ጀርባው ተቆርጦ የወጣ ምስል ወይም አርማ ግን የተቆረጠውን ቦታ ባዶ አድርጎ በሚጠብቀው በፒኤንጂ ይቀመጣል። ቀለምን በተመለከተ ለባነር ኅትመት በሲኤምዋይኬ (በማተሚያ የቀለም አሠራር) የተዘጋጀ ፋይል ወደ ኤስአርጂቢ (ወደ ስክሪን የቀለም አሠራር) መመለስ አለበት፤ አለበለዚያ ወይ አይከፈትም ወይ ቀለሙ ይለወጣል። የሐበሻ ቀሚስ ጥበብ ላይ ያሉት ቀጫጭን መስመሮች ትልቅ ፎቶ በዝግታ ሲንቀሳቀስ ይርገበገባሉ፤ ፎቶውን አስቀድሞ ወደሚፈለገው ልክ ማሳነስ ችግሩን በአብዛኛው ያቃልላል።

የፋይሎቹ ስም 001፣ 002 እየተባለ በሦስት አሃዝ ቢጻፍ ቅደም ተከተላቸው አይዛባም፤ እንዲህ ካልሆነ አንዳንድ ፕሮግራሞች 10ን ከ2 ያስቀድማሉ። አብዛኞቹ የኤዲቲንግ ሶፍትዌሮች ፎቶውን በፕሮጀክቱ ውስጥ ስለማያስቀምጡና ያለበትን አድራሻ ብቻ ስለሚመዘግቡ፣ ደሴ ተጀምሮ ኮምቦልቻ ባለ ሌላ ኮምፒውተር የሚጨረስ ሥራ ከነፎቶ ፎልደሩ በፍላሽ ካልተወሰደ ታይምላይኑ (ፎቶና ቪዲዮ በቅደም ተከተል የሚደረደርበት መስመር) ላይ የሚታየው «ፋይሉ አልተገኘም» የሚል መልእክት ብቻ ይሆናል።