ቡራቲኖ ምንድን ነው?

በሌላ ሰው ስለሚመራ ሰው «እሱ እኮ ፒኖኪዮ ነው፤ ክሩን ከላይ የሚስበው ሌላ ነው» የሚል አባባል አለ። አንድ አስተያየት ሰጪ ደጋግሞ ይጽፈዋል፣ ብዙዎችም ተቀብለውታል። ስህተት ነው። ጣሊያናዊው ካርሎ ኮሎዲ ፒኖኪዮ ስለተባለ የእንጨት አሻንጉሊት በጻፈው መጽሐፍ 36 ምዕራፎች ውስጥ ማንም ፒኖኪዮን በክር ሲያንቀሳቅስ አናይም።

ጣጣው የሚጀምረው «አሻንጉሊት» ከሚለው ቃላችን ነው። ሕፃን አቅፋው የምትተኛውም፣ መድረክ ላይ የሚጫወተውም፣ ለባዕድ የሚታዘዝ መንግሥትም ለእኛ አሻንጉሊት ነው። ጣሊያንኛ ግን ይለያል። ቡራቲኖ እንደ ጓንት እጅ ላይ ይጠለቃል፤ አመልካች ጣት አንገቱ ውስጥ፣ አውራ ጣትና መሃል ጣት ደግሞ እጆቹ ውስጥ ይገባሉ። አብዛኛውን ጊዜ እግር የለውም። ማሪዮኔታ ግን ሙሉ አካል አለው፤ የሚያዘውም ከላይ፣ አብዛኛውን ጊዜ በክር ነው።

ማሪዮኔታን ለመረዳት የጉድጓድ ውሃ መቅጃን አስቡ። ገመድ ይስባል እንጂ አይገፋም፤ መቅጃው የሚወርደው በራሱ ክብደት ነው። ከጀሪካን የተቆረጠ ቀላል መቅጃ ውሃው ላይ ስለሚንሳፈፍ አንድ ጎኑ ላይ ድንጋይ ይታሰርለታል። የማሪዮኔታ እግርም ቀላል እንጨት ከሆነ ወለሉን ሳይረግጥ ይዋልላል፤ ስለዚህ ውስጡ እርሳስ ይጨመርበታል። ገመዱ ሲረዝም መቅጃው እየተወዛወዘ የጉድጓዱን ግድግዳ ይመታል፤ ክርም ሲረዝም የእጅ እንቅስቃሴ ዘግይቶ ይደርሳል። መቅጃ አንድ ገመድ ይበቃዋል፤ ለማሪዮኔታ የተለመደው 9 ክር ነው፦ ለራስ 2፣ ለትከሻ 2፣ ለእጅ 2፣ ለጉልበት 2፣ ለጀርባ 1። ክብደቱን የሚሸከሙት የትከሻዎቹ ናቸው። የራሱ ክር ከላላ አገጩ ደረቱ ላይ ይወድቃል፤ ካጠረ ደግሞ መላ አካሉ ከአንገቱ ይንጠለጠላል።

ሁሉም በክር ይያዛል ማለትም አይደለም። ፑፒ የሚባሉት የሲሲሊ ደሴት አሻንጉሊቶች በብረት ዘንግ ነው የሚያዙት፤ አንዱ በራስ በኩል ያልፋል፣ ሌላው ቀኝ እጅን ይመራል።

ፒኖኪዮ ክንድም እግርም ስላለው በሙያው ሚዛን ማሪዮኔታ መባል ነበረበት። ኮሎዲ ግን ቡራቲኖ ይለዋል። እ.ኤ.አ. በ1881 በሮም የልጆች ጋዜጣ ላይ መውጣት ሲጀምርም ርዕሱ «የአንድ ቡራቲኖ ታሪክ» ነበር። በዘመኑ ተራ ንግግር ቃሉ ለሁለቱም ይውል ነበርና አይፈረድበትም።

ዋናው ነገር ግን ሌላ ነው። እንጨቱ ገና ሳይጠረብ፣ በአናጺው በማስትሮ አንቶኒዮ እጅ እያለ ይናገራል። ሕይወቱን ቀራጩ ጄፔቶ አልሰጠውም። ጄፔቶ እግሮቹን ቀርጾ እንደጨረሰም ያገኘው አፍንጫው ላይ እርግጫ ነው። ጄፔቶ ኮቱን ሸጦ የገዛለትን የፊደል መጽሐፍ በ4 ሶልዲ ሳንቲም ሸጦ ቲያትር የገባው ራሱ ፒኖኪዮ ነው። የመከረውን ፌንጣ በመዶሻ የመታውም እሱ ነው።

«ክሮቹ አታላዮቹ ቀበሮና ድመት ናቸው» የሚል መልስ ይመጣል። አይደሉም። እነሱ ያታልሉታል፤ የተታለለ ሰው ደግሞ እሺ ብሎ በእግሩ ይሄዳል። የወርቅ ሳንቲሞቹን በገዛ እጁ ነው የቀበረው። መታለልና መታሰር ከተምታቱ ከመጽሐፉ የሚቀር ነገር የለም፤ የፒኖኪዮ መከራ ሁሉ የሚመጣው የሚይዘው በማጣቱ ነውና። ገመድ በእርግጥ አለ፤ በምዕራፍ 15 ከትልቁ የኦክ ዛፍ ላይ አንገቱን ያንጠለጠለው። ታሪኩም መጀመሪያ ያበቃው እዚያ ነበር። የክሩ ምስል የተስፋፋው ይልቁንስ እ.ኤ.አ. በ1940 በወጣው የዲዝኒ ፊልም ነው፤ እዚያ ፒኖኪዮ ነፍስ ከመዝራቱ በፊት ጄፔቶ በክር ያጫውተዋል።

በእርግጥ ግዑዝ የሆነውን አሻንጉሊት ማየት የፈለገ የመጨረሻውን ምዕራፍ ያንብብ። ፒኖኪዮ ልጅ ሆኖ ሲነቃ የእንጨቱ አካል አብሮ አይለወጥም። ወንበር ተደግፎ ቀርቷል፤ ራሱ ወደ አንድ ጎን ዞሯል፣ ክንዶቹ ተንዘላዝለዋል፣ እግሮቹም ተጠላልፈው ከመሃል ታጥፈዋል።