«ሲቸግር ጥሩኝ» እና ሌሎች የደም ልገሳ ሰበቦች

ወሎ ላይ ሰው ሲቸገር ጎረቤት ቀድሞ ይደርሳል። በ2013 ክረምት ተፈናቃዮች ደሴ ሲገቡ እንጀራው ከየቤቱ እየተጋገረ ወደየትምህርት ቤቱ ሲሄድ ነበር። ደም ለግሱ፣ በጎ ፈቃደኛ ሁኑ ሲባል ግን ይሄው ደግ ሰው ሰበብ ይደረድራል። አብዛኛው ሰበብ ደግሞ እውነት የለውም።

«ሰው ሲታመም ጥሩኝ፣ ያኔ እሰጣለሁ።»

ክፋት የለውም፤ ችግሩ ሰዓቱ ነው። የተቀዳ ደም ወዲያው ለታማሚ አይሰጥም። ዓይነቱ ይለያል፤ ለኤችአይቪ፣ ለጉበት ቫይረስ ቢ እና ሲ፣ ለቂጥኝም ይመረመራል። ወልዳ የምትደማ እናት ይህን ሁሉ አትጠብቅም። ከገጠር በቃሬዛ፣ ከዚያም በባጃጅ የመጣች ከሆነ ደግሞ መንገድ ላይም ብዙ ደም ፈሷታል። ባልየው በረንዳ ላይ ቆሞ ለዘመድ አዝማድ ሲደውል፣ የሚደርስላት አስቀድሞ ተመርምሮ ፍሪጅ ውስጥ የተቀመጠው ደም ነው። ከተማ ላይ የቅሬ (የእድር) መዋጮ ሰው ሳይሞት በየወሩ የሚከፈለው ለምን ሆነና?

«ደሜ ያልቃል።»

አያልቅም። አዋቂ ሰው 5 ሊትር ያህል ደም አለው፤ የሚወሰደው ግማሽ ሊትር እንኳ አይሞላም። ፈሳሹ በአንድ ሁለት ቀን ይተካል፣ ቀይ የደም ሴሉ በሳምንታት። በየ3 ወሩ ስጡ የሚባለውም ለዚህ ነው። ደግሞ ዝም ብሎ አይቀዳም፤ መጀመሪያ ጣታችሁን ጠቅ አድርገው በአንዲት ጠብታ ይለካሉ። ደማችሁ ካነሰ ራሳቸው ይመልሷችኋል። ከሰጣችሁ በኋላ ውሃ በደንብ ጠጡ፣ ጦሳ ተራራን መውጣቱንም ለሌላ ቀን አቆዩት።

«ጾም ላይ ነኝ።»

ወሎ ላይ ማንም የማይጾምበትን ወር ፈልጉ እስቲ! አንዱ ሲፈታ ሌላው ይይዛል። ዋናው ነገር በባዶ ሆድ አለመሄድ ነው እንጂ የጾም ምግብ ምንም ችግር የለውም። ምስር ወጥ በልቶ መሄድ ይበቃል። በረመዳን ከሆነ ካፈጠሩ በኋላ፣ ካልሆነም ከዒድ በኋላ ይደርሳል።

«መርፌው በሽታ ያስይዘኛል።»

መርፌው አዲስ ነው። ለአንድ ሰው ብቻ ያገለግልና ይጣላል። አለቀ።

«በጎ ፈቃደኝነት ብር ላለው ነው።»

አደጋ ሲመጣ እህል ከመኪና የሚያወርድ፣ ስም የሚመዘግብ፣ ኦሮምኛ ወይም አፋርኛ የሚያስተረጉም ሰው ይጠፋል። የመጀመሪያ እርዳታ የሠለጠነ ከተገኘማ ወርቅ ነው። የተቀዳደደ ልብስ በኬሻ አጭቆ መላክ ግን፣ ይቅርታ ይደረግልኝና፣ እርዳታ አይባልም። ለይቶ የሚጥለውም ያው በጎ ፈቃደኛ ነው።

«ባለፈው ዘመቻ ብዙ ሰው ሰጥቷል፣ ይበቃል።»

ይሄ ነው ብዙዎቻችንን የሚያዘናጋን። ሰኔ 7፣ በዓለም የደም ለጋሾች ቀን፣ ሰልፉ ደስ ይላል። ቀይ የደም ሴል ግን የሚቆየው ከ35 እስከ 42 ቀን ነው፤ ደም እንዲረጋ የሚያደርገው ፕላትሌት ደግሞ 5 ቀን ብቻ። የዚያን ቀን ቀይ ደም ሐምሌ ሳያልቅ ወይ ሰው ላይ ውሏል ወይ ጊዜው አልፎበታል። ነሐሴ ላይ ለሚገባ ታማሚ ሌላ ሰው መስጠት አለበት። ከ18 እስከ 65 ዓመት ከሆናችሁ፣ ከ45 ኪሎ በላይ ከመዘናችሁና ጤነኛ ከሆናችሁ ደሴ ላይ ደም ባንክ አለ። ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናት ግን ይቆዩ።