የጊታር አምፕን በማይክ መቅረጽ፦ ቤት ውስጥ ለሚቀረጽ ባንድ

የኤሌክትሪክ ጊታር ድምፅ ግማሹ የአምፑ፣ ማለትም የማጉያው ነው። ክሩ ብቻውን ብዙም አይሰማም። የሚያሞቀው፣ የሚያወፍረው፣ ሲፈለግም የሚያሻክረው አምፑና ስፒከሩ ነው። ጊታሩን በገመድ ቀጥታ ኮምፒውተር ላይ ሰክታችሁ ዲስቶርሽን (ድምፁን የሚያሻክረውን) ብትጨምሩበት ጆሮ የሚበሳ ድምፅ የምትሰሙት ለዚህ ነው። ባለ 12 ኢንች የጊታር ስፒከር ከ5,000 ሄርዝ በላይ ያለውን ድምፅ በጣም ያዳክማል። ያ ማጣሪያ ሲጠፋ ሻካራው ሁሉ ይወጣል። ዛሬ አምፕን የሚያስመስሉ ሶፍትዌሮች አሉ፤ አንዳንዶቹም ጥሩ ናቸው። ቤት ውስጥ አምፕ ካለ ግን ማይክ ፊቱ ማቆም አሁንም የሚያዋጣ መንገድ ነው።

ለዚህ ሥራ በጣም የታወቀው ማይክ ሹር ኤስኤም57 ነው። ገበያ ላይ የዋለው በ1965 እ.ኤ.አ. ነው፤ እስካሁንም ይመረታል። ዳይናሚክ ማይክ ስለሆነ ኃይለኛ ድምፅ ይችላል፣ ቢወድቅም ቶሎ አይበላሽም። ፊት ለፊቱ ያለውን አጥርቶ ይሰማል፣ ከኋላው ያለውን ያዳክማል። ድራሙና ጊታሩ አንድ ክፍል ውስጥ ሲሆኑ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ኮንደንሰር ማይክ ዝርዝሩን ሁሉ ይይዛል፤ የጎረቤቱን ውሻም ጭምር። እንደ ሮየር አር-121 ያሉት ሪበን ማይኮች ደግሞ ለስለስ ያለ ድምፅ ይሰጣሉ። ዋጋቸው ግን ይከብዳል፣ ሲያዙም ጥንቃቄ ይፈልጋሉ።

እኔን ብትጠይቁኝ ከማይኩ ዋጋ ይልቅ የሚቆምበት ቦታ ይበልጣል። የስልካችሁን መብራት አብርታችሁ በአምፑ ጨርቅ በኩል ወደ ውስጥ ተመልከቱ። ስፒከሩ መሀል ላይ እንደ ትንሽ ቆብ ጎበጥ ያለ ነገር ታያላችሁ። ማይኩ በቀጥታ ቆቡ ላይ ካነጣጠረ ድምፁ ስል ይሆናል፣ አንዳንዴም ይወጋል። ወደ ስፒከሩ ጠርዝ ስትወስዱት ይጨልማል፣ ይሞቃል። መጀመር ያለባችሁ ቆቡና በዙሪያው ያለው የስፒከሩ ወረቀት የሚገናኙበት መስመር ላይ ነው። ከጨርቁ ከ2 እስከ 5 ሴንቲሜትር አርቁት። ከዚያ አንዱ ይጫወት፣ ሌላው በሄድፎን እየሰማ ማይኩን በሁለት ጣት ስፋት ያንቀሳቅስ። ክፍሉ በጣም ከጮኸና መለየት ካቃታችሁ፣ በእያንዳንዱ ቦታ አስር አስር ሰከንድ ቅረጹና አምፑን ዝም አሰኝታችሁ አዳምጡ። ልዩነቱ ያስደንቃችኋል። የአምፑን ትሬብል (የቀጭን ድምፅ) ቁልፍ ከመንካታችሁ በፊት ማይኩን አንቀሳቅሱ።

ማይኩ በቀረበ ቁጥር ወፍራሙ ድምፅ ይጨምራል። ብቻውን ሲሰማ ደስ ይላል፤ ቤዝ ጊታሩ ሲገባ ግን ሁለቱ ይጋፋሉ። በተለይ ችክችካ ምት ላይ ጊታሩ አጠር አጠር እያለ ሲቆርጥ፣ ያ ውፍረት ምቱን ያደበዝዘዋል። እዚያ ላይ ማይኩን ራቅ፣ ወደ መሀልም ጠጋ ማድረግ ይሻላል። ትዝታ ላይ ረዘም ያለ ነጠላ ዜማ ከሆነ ደግሞ ወደ ጠርዙ የሄደው ሞቅ ያለ ድምፅ ያምርበታል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ድምፅ በመጨመር ነው። ባለ 100 ዋት አምፕ ከባለ 10 ዋቱ አሥር እጥፍ አይጮህም፤ ለጆሮ እጥፍ ያህል ብቻ ነው። ለቤት ቀረጻ 5 ዋት በቂ ነው። ዲስቶርሽኑንም መድረክ ላይ ከለመዳችሁት ቀነስ አድርጉት። ኮምፒውተሩ ላይ የሚታየው ከፍተኛው ልክ ከዜሮ 10 ዴሲቤል ገደማ ዝቅ ይበል። ቀይ መብራቱ ከበራ ድምፁ ተቆርጧል፤ በኋላ አይጠገንም።

ክፍሉም ይሰማል። አምፑን ከወለሉ አንሥታችሁ በርጩማ ላይ አስቀምጡት። ከጀርባና ከጎን ፍራሽ አቁሙ፣ ጋቢ ወይም ብርድ ልብስ ስቀሉ። ግድግዳ ላይ የሚለጠፈው የእንቁላል ካርቶን ድምፅ አያግድም። ቤቱ ቆርቆሮ ጣሪያ ካለው ክረምት ላይ ጠዋት ቅረጹ። እኛ አንዴ ከሰዓት በኋላ ቆንጆ ሶሎ ቀርጸን፣ ማታ ስንሰማው ካፊያው ከሥሩ እንደ አሸዋ ሲንሿሿ ሰማነው። አምፑን ሌላ ክፍል ማድረግ ከተቻለ ከድራሙ ድምፅ ይገላግላል። የጊታር ገመድ ከ6 ሜትር በላይ ሲረዝም ቀጭኑን ድምፅ ይበላል፤ የማይክ ገመድ ግን ቢረዝምም ግድ የለም።

ሁለት ማይክ መጠቀም ያጓጓል። ድምፅ 34 ሴንቲሜትር ለመሄድ አንድ ሚሊሰከንድ ይፈጅበታል። ሁለቱ ማይኮች ከስፒከሩ እኩል ካልራቁ አንዱ የሌላውን ድምፅ በከፊል ሊያጠፋ፣ ጊታሩም ቀጥኖ ሊቀር ይችላል። የአንዱን ፖላሪቲ (የሞገዱን ላይና ታች) ገልብጣችሁ ስሙ፤ ከወፈረ ትክክለኛው እሱ ነው። ለጀማሪ ግን አንድ ማይክ ይበቃል።

ስለ መብራት ሳልናገር አላልፍም። ከአሜሪካ የመጣ አምፕ ብዙ ጊዜ ለ120 ቮልት የተሠራ ነው። እኛ ዘንድ 220 ነው፤ ያለ ትራንስፎርመር ሰክቶ ያቃጠለ ሰው አውቃለሁ። ሀም የሚል ድምፅ ሲያስቸግር ደግሞ የሶኬቱን ኧርዝ (የመሬት መስመር) የሚቆርጡ አሉ። በጭራሽ አታድርጉት፣ ሰው ይገድላል። ጊታሪስቱ ዞር ብሎ ይቀመጥ፣ የሸምበቆ መብራቱም ይጥፋ፤ ብዙ ጊዜ ሀሙ በዚያ ይቀንሳል።

ቦታው ሲገኝ የስታንዱን እግሮች ወለሉ ላይ በፕላስተር ምልክት አድርጉ። አምፑን ከነቁልፎቹ፣ ማይኩንም ከጎን በስልክ ፎቶ አንሡት። መብራት ጠፍቶ ቀረጻው ለነገ ሲያድር፣ ሁለተኛው ስንኝ ላይ ያለው ጊታር ከመጀመሪያው ጋር እንዲገጥም የሚረዳችሁ ያ ፎቶ ነው።